ክላሪስ በጣርማ በር፦ የአንድ ኮርስ ሳይክል ሥራ ማስታወሻ

መስከረም 18

ሳጥኑ ዛሬ ከአዲስ አበባ መጣ። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ሄጄ ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አወረድኩት። ቤት ገብቼ ዕቃውን ባና ላይ ዘረገፍኩና አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ፍሬንና ማርሽ በአንድ ላይ የያዙ ሁለት እጀታዎች፣ ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሸጋግሩ የፊትና የኋላ ካምቢዮ፣ ባለ50 እና ባለ34 ጥርስ የፊት ማርሽ፣ ባለ8 የኋላ ካሴት (ስምንት ማርሽ በአንድ ላይ የተደረደረበት)፣ ሰንሰለት፣ ሁለት ፍሬን፣ የካቦ ጥቅል። ሺማኖ ክላሪስ አር2000 ነው። ሳይክለኛው ይሄን ሙሉ ስብስብ ግሩፕሴት ይለዋል፤ እኔም እንደዛው እላለሁ።

ፍሬሙ ያገለገለ አሉሚኒየም ነው፤ ባዶውን ነው የገዛሁት። የነበረው ዕቃ ተበልቶ አልቋል።

ክላሪስ በሺማኖ የኮርስ ሳይክል ዕቃዎች መሰላል ላይ ከታችኞቹ አንዱ ነው። እሱ ባለ8፣ ከሱ በላይ ሶራ ባለ9፣ ከዛ ቲያግራ ባለ10። 105፣ አልቴግራና ዱራ ኤስ ከነዚህ በላይ ናቸው፤ ዋጋቸውም እንደዛው። አር2000 የወጣው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2017 ነው። የማርሹ ካቦ መሪው ላይ በሚጠቀለለው መሸፈኛ ስር ተደብቆ የሚሄድ በመሆኑ ከሩቅ ላየው ሰው ከውዶቹ ጋር ይመሳሰላል። ከክላሪስ በፊት የነበረው 2300 የሚባለው ማርሹን የሚያወርደው በአውራ ጣት በሚጫን ቁልፍ ነበር። መሪውን ከታች ይዞ ለሚነዳ ሰው ያ ቁልፍ አይደረስበትም። አሁን ሁለቱም ሥራ በጣቶች ብቻ ያልቃል።

ይሄን የመረጥኩት በሰንሰለቱ ምክንያት ነው። ባለ6፣ ባለ7 እና ባለ8 ማርሽ ሳይክሎች አንድ ዓይነት ሰንሰለት ይጠቀማሉ። ስለዚህ ለማውንቴን ሳይክል የሚሸጠው ተራ ሰንሰለት ለክላሪስም ይሆናል። ያን እዚሁ ከተማችን ውስጥ አገኛለሁ። የባለ11 ሰንሰለት ቢበጠስብኝ ግን ሸገር መደወል ሊኖርብኝ ነው።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ይሄ ርካሽ ዕቃ ለኛ መንገድ፣ ለኛ ዳገትና ለኛ ንፋስ ይሆናል ወይ? መልሱን ብቻዬን መስጠት አልፈልግም። ሳይክሉ ሲያልቅ ሦስት ሰዎች እንዲነዱት ጠይቄያለሁ። አንዱ ውድድር የሚያስብ ልጅ ነው። አንዷ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። አንዱ ሰፈራችን ያሉ ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ በወጣትነታቸው ኮርስ ይነዱ ነበር። እኔ አራተኛ።

መስከረም 21

የፔዳሉን ኩሺኔታ አሰርኩ። የቀኙ በኩል ጥርሱ ግልብጥ ነው፤ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። ይሄን ሳያውቅ በጉልበት የሚገፋ ሰው የፍሬሙን ጥርስ ይበላዋል፤ ያ ደግሞ አይጠገንም። ግራሶ በደንብ ቀባሁ። ካሴቱ 12-25 ነው፣ ማለትም ትንሹ ባለ12 ጥርስ፣ ትልቁ ባለ25። ካሴት ማሰሪያው ቀለበት 40 ኒውተን ሜትር የማጥበቂያ ኃይል ይፈልጋል። ሌላው ቀላል ነበር።

መስከረም 24

ካምቢዮው የሚሰቀልበት ጆሮ ትንሽ ወደ ውስጥ ጎብጧል። በዓይን አይታይም። ካምቢዮውን ሰቅዬ ከኋላ ቁጭ ብዬ ሳይ ግን ሁለቱ ትንንሽ መዘውሮች ከካሴቱ ጥርስ ጋር ቀጥ ብለው አልቆሙም። አቃናሁት። ቀጥሎ ሁለቱን የገደብ ብሎኖች አስተካከልኩ። አንዱ ሰንሰለቱ ከትንሹ ጥርስ አልፎ ወደ ፍሬሙ እንዳይወድቅ ይይዛል። ሌላው በትልቁ በኩል ወደ ራጂው እንዳይገባ። ሁለተኛው ከተሳሳተ ዳገት ላይ ካምቢዮው ራጂ ውስጥ ገብቶ ይሰባበራል። ሦስት ጊዜ ፈተሽኩት።

ካቦ መዘርጋቱ መሸብኝ። የመጣው ጥቅል ትንሽ አነሰ። ሱቁ ይሄን አውቆ ሌላ ቁራጭ የካቦ ሽፋን፣ ካቦው በውስጡ የሚያልፍበትን፣ ጨምሮ ልኮ ነበር። እሱን ቆርጬ በመጨረሻው ጥምዝ ላይ፣ ከፍሬሙ ወጥቶ ወደ ኋላ ካምቢዮው በሚገባው ላይ ተጠቀምኩበት።

መስከረም 29

የመጀመሪያው ዙር አስተያየት። መንገዱ ወደ አንኮበር የሚወስደው ነው፤ 10 ኪሎ ሜትር ሄዶ መመለስ። ሁሉም ለየብቻ ነዱ፤ ከመውረዳቸው ደብተር ይዤ ጠብቄ እንዳሉት ጻፍኩ።

ልጁ፦ «ያመነታል። እጫነዋለሁ፣ ጠቅ ይላል፣ ማርሹ ግን ቆይቶ ነው የሚገባው። መሪውን ሳዞር ደግሞ ይንኳኳል። ርካሽ ነው ብለህ ነግረኸኝ የለ? ርካሽ ነው።»

ተማሪዋ፦ «ወደ ትንሹ ጥርስ ሲወርድ እሺ ይላል። ወደ ላይ ሲሆን አንድ ጊዜ እጫናለሁ አይገባም፣ ሁለት ጊዜ እጫናለሁ ሁለት ይዘላል። የግራው እጀታ ደግሞ ይከብዳል።»

እኔም ያው ነኝ። በተለይ አራተኛውና አምስተኛው ማርሽ መሀል ሰንሰለቱ እየተንሿሿ ሁለት ልብ ይሆናል። የካቦውን ውጥረት ማስተካከያዋን ብሎን ሩብ ዙር ወደዚህ፣ ሩብ ዙር ወደዚያ እያልኩ አመሸሁ። አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል።

መምህሩ ጉንፋን ይዟቸው አልመጡም። አልዋሽም፣ ዛሬ ገንዘቤን የጣልኩ መስሎኝ ከፍቶኛል።

ጥቅምት 3

መምህሩ ጋቢያቸውን ደርበው ማለዳ መጡ። ውርጩ ሣሩ ላይ እንደ ጨው ተነስንሶ ነበር። ሳይክሉን ሊነዱት ነው ብዬ ኮርቻውን ሳወርድ፣ «ተወው፣ መጀመሪያ ልየው» አሉኝ።

እሳቸው የሚያውቁት ሳይክል ማርሹ በፍሬሙ ላይ ነበር፤ ጠቅ የሚባል ነገር የለውም። ካቦውን በዘንጉ ትጎትታለህ፣ ማርሹ ሲገባ በጆሮህ ትሰማለህ። ሺማኖ ጠቅ የሚለውን አሠራር በዱራ ኤስ ያወጣው እንደ ፈረንጆቹ በ1984 ነው። ማርሽ መቀየሪያው ከፍሬኑ እጀታ ጋር የተዋሐደው ደግሞ በ1990።

«ልጄ፣ ድሮ ካቦው ቢላላም እጅህ ያካክሰው ነበር» አሉ። «ይሄ ግን ቆጥሮ የሚሰጥህ ነው። ቆጥሮ የሚሰጥ ነገር መሀል ላይ ከተሰረቀ ይጎድላል።»

የኋላውን ጎማ ከመሬት አንስቼ ያዝኩ። «ጋሼ፣ ምን ላድርግ?» አልኳቸው። በአንድ እጄ ፔዳል እንዳዞር፣ በሌላው ማርሽ እንድቀይር ነገሩኝ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ያንን የመጨረሻውን የካቦ ጥምዝ በሁለት ጣታቸው እንደ ሐኪም ያዙት። ቀየርኩ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። «ድገም።» ቀየርኩ። «ይነፋል» አሉ። «ካቦው ሲጎተት ሽፋኑ ይኮማተራል። ንካው።»

ነካሁት። እውነትም ከጣቴ ስር አንዳች ነገር እየተጨመቀ ተመልሶ ይለቀቃል።

ከዚያ ሽፋኑን ከፊት፣ በመሪው በኩል ካለው ሽፋን ጋር እንዳነጻጽር ነገሩኝ። የኋላው ወፈር ይላል። ቀለማቸው አንድ ስለሆነ አላስተዋልኩም። ነቅዬ በፒንሳ ቆረጥኩት። ከላስቲኩ ስር ያለው ሽቦ እንደ እስክሪብቶ ስፕሪንግ ተጠምዝዞ የተደረደረ ነው። ከጥሩው ሽፋን ላይም አንዲት ጣት ያህል ቆረጥኩ። የሱ ሽቦዎች ቀጥ ብለው ጎን ለጎን እንደ ስንደዶ ተኝተዋል።

የፍሬን ሽፋን ነበር የላኩልኝ። የተጠማዘዘው ለፍሬን ነው፤ ኃይለኛ ጉተታ ሲመጣበት እንዳይፈነዳ። ቁመቱ ግን በጉተታ ያጥራል። ቀጥ ያለው ለማርሽ ነው፤ ቁመቱ አይለወጥም። ወፍራሙ 5 ሚሊ ሜትር፣ ቀጭኑ 4።

አሁን ሒሳቡ ገባኝ። ባለ8 ካሴት ላይ ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 4.8 ሚሊ ሜትር ነው። እጀታው በአንድ ጠቅታ ካቦውን 2.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጎትታል፣ ካምቢዮው ያንን በ1.7 ያበዛዋል። ሽፋኑ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢኮማተር ካምቢዮው 0.85 ሚሊ ሜትር ሳይደርስ ይቀራል። ማመንታቱ ይሄ ነው።

ሱቁ ጋ ደወልኩ። «ካቦ ካቦ ነው» አሉኝ። አይደለም። ይሄን ነገር አጥብቄ የምጽፈው ለዚህ ነው። ሁለት ሰዎች ክላሪስን ርካሽ ብለው ፈርደውበታል፤ ክላሪስ ግን ገና አልተነዳም ነበር።

ጥቅምት 9

ትክክለኛው ሽፋን በሚኒባስ መጣ። ስቆርጠው ጫፉ ተጨፈለቀ፤ በሞረድ አስተካክዬ የውስጡን ቱቦ በመርፌ ከፈትኩ። ይሄን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ የተጨፈለቀ ጫፍ ግን ካቦውን ያንቀዋል። ጥምዙንም በጣም አላሳጠርኩትም፤ ሰፋ ብሎ እንዲታጠፍ ተውኩት። አዲስ ካቦ አስገባሁ። ማስተካከያዋን አንድ ዙር ተኩል አዞርኩ፣ አለቀ። ያን ሁሉ ምሽት ስታገልበት የነበረው ነገር አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ጥቅምት 11

ሁለተኛው ዙር። ምን እንደቀየርኩ ለልጁና ለተማሪዋ አልነገርኳቸውም። መንገዱም ያው የአንኮበሩ።

ልጁ ገና ሳይወርድ፦ «ካምቢዮውን ቀየርከው አይደል?» አለኝ። አልቀየርኩትም አልኩት። አላመነኝም። «ከጓደኛዬ 105 ጋር ቁጭ ብለህ ብታወዳድረው እጀታው ይከብዳል፣ ድምፁም ይበልጣል። ግን ይገባል። በጫንክ ቁጥር ይገባል።»

ተማሪዋ፦ «አሁን እጄን አምነዋለሁ። የግራው ግን አሁንም ይከብዳል። ከትንሹ ወደ ትልቁ ለመውጣት ጣቴን ብቻ ሳይሆን መዳፌን ነው የምጠቀመው።» ልክ ናት። የፊቱን ማርሽ የሚቀይረው የግራ እጀታ ረጅም ጉዞ አለው፤ መዳፉ ትንሽ ለሆነ ሰው ያስቸግራል። እጀታውን መሪው ላይ ትንሽ ወደ ውስጥ አዞርኩላት። ተሻላት እንጂ አልዳነም። ይሄ የዕቃው የራሱ ጉድለት ነው፣ በካቦ የሚሳበብ አይደለም።

መምህሩ፦ «እኔ ድምፁን ወድጄዋለሁ። ይነግርሃል።»

ጥቅምት 17

ከተማሪዋ በቀር ሁላችንም ወደ ጫጫ ወጣን። ሜዳ ነው፤ ንፋሱ ግን ከፊት ነው። ጥቅምት ላይ ይሄ ደጋ የሚነፍሰው ንፋስ አጥንት ይገባል፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ወደው አይደለም። ተመልሰን ጥብስ በላን።

ዛሬ ልጁ ዕቃውን ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገነ። 12-25 ካሴት ጥርሶቹ ስለሚቀራረቡ ንፋስ ውስጥ እግርህ የሚፈልገውን ታገኛለህ። እኔ ግን ዳገቱን እያሰብኩ ነው። 34 በ25፣ ማለትም ከፊት ባለ34 ከኋላ ባለ25 ጥርስ፣ አንድ ጊዜ ፔዳል ሲዞር 2.9 ሜትር ያስኬዳል። በደቂቃ 60 ዙር ብዞር 10.5 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። የጣርማ በርን ዳገት በዛ ፍጥነት እንደማልወጣው አውቃለሁ። ከዛ በታች ስሄድ ጉልበቴን ነው የምከፍለው።

ጥቅምት 25

ካሴቱን በ11-32 ቀየርኩት። ጥርሶቹ 11፣ 13፣ 15፣ 18፣ 21፣ 24፣ 28፣ 32 ናቸው። ካምቢዮዬ ረጅም ክንድ ያለው ዓይነት ስለሆነ ይችለዋል፤ ገና ሲታዘዝ አስቤበት ነው። የድሮው ሰንሰለት ግን አጠረ። ትልቁን የፊትና ትልቁን የኋላ ጥርስ በካምቢዮው ሳላሳልፍ በሰንሰለት ዞርኩና ሁለት ቀለበት ጨምሬ ለካሁ። አዲስ ሰንሰለት ከዚሁ ከከተማ ገዛሁ፤ የማውንቴን ነው፣ ያለችግር ገባ። መስከረም ላይ የጻፍኩት ተፈተነ፣ ሠራ።

ልጁ ሲነዳው ግንባሩን ቋጠረ። «15 እና 18 መሀል ምንም የለም» አለ። እውነቱን ነው። በደቂቃ 90 ዙር የሚዞር ሰው በ50 በ15 ላይ 38 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል፣ በ50 በ18 ላይ 32። ከሰው ጋር ተከታትለህ 35 መሄድ ስትፈልግ እግርህ ወይ ይሮጣል ወይ ይከብደዋል። በባለ11 ካሴት ይሄ ክፍተት ይሞላል። ስምንት ጥርስ ለሁሉም አይበቃም፤ ወይ ለሜዳው ነው ወይ ለዳገቱ።

እኔ የምኖረው ዳገት ካለበት ነው።

ህዳር 6

ትናንት ቁልቁል፣ ዛሬ ሽቅብ።

ትናንት ጠዋት ሦስታችን ከደብረ ብርሃን ተነሳን። መምህሩ በሚኒባስ ደብረ ሲና ቀድመው ሊጠብቁን ተስማማን። ጣርማ በር ስንደርስ ጉም ነበር። ጣልያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ መብራት አብርተን ገባን። የጭነት መኪና ከኋላ ሲመጣ ድምፁ ከግድግዳው ጋር ተጋጭቶ ደረትህ ውስጥ ይገባል። ከዋሻው ስትወጣ መሬቱ ከስርህ የተነሳ ይመስላል፤ ገደሉ፣ ከታች ያለው ቆላ፣ ጉሙ ከበታችህ።

ቁልቁለቱ ላይ ክላሪስ ያሳየኝን አልደብቅም። ፍሬኑ ደረቅ ሲሆን ደህና ነው። ጉሙ ቸርኬውን ሲያረጥበው ግን ትጨብጣለህ፣ መጀመሪያ ምንም የለም፣ ጎማው ሁለት ሦስት ጊዜ ዞሮ ውኃውን ከጠረገ በኋላ ነው የሚይዘው። እጄ እስኪደነዝዝ ጨበጥኩ። ደብረ ሲና ላይ ጎማውን ፈትቼ የፍሬን ላስቲኮቹን አየሁ። ውስጣቸው የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ቅንጣቶች ተሰክተዋል። በመርፌ አንድ በአንድ አወጣኋቸው፤ ካልወጡ ቸርኬውን ይፍቁታል። መምህሩ ቆሎ ገዝተው ጠብቀውን ነበር። እያበሉን የኔን ላስቲክ በጥፍራቸው ጫን ጫን አደረጉና «ይሄ ደረቅ ነው፣ ለስለስ ያለ ፈልግ» አሉኝ። ሸዋ ሮቢት አደርን።

ዛሬ ከሮቢት 11 ሰዓት ሌሊት ተነሳን። ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ዋሻው ከ3,000 ሜትር በላይ። ሳይክሉን በየተራ ተቀያየርንበት፤ ኮርቻ ዝቅ፣ ኮርቻ ከፍ።

ተማሪዋ አርማንያን አልፋ ደብረ ሲና ድረስ ያዘችው። «32ቱን ሳገኝ እረፍት የወሰድኩ ያህል ተሰማኝ» አለች። 34 በ32 በአንድ ዙር 2.27 ሜትር ነው፤ በደቂቃ 60 ብትዞር 8 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ቀርፋፋ ነው፤ ግን ተቀምጠህ ትወጣለህ።

እኔ ከደብረ ሲና በላይ ያለውን ወሰድኩ። አንዱ መታጠፊያ ላይ ጉልበቴ ሁሉ ፔዳሉ ላይ እያለ፣ ቆሜ፣ ከ24 ወደ 28 ቀየርኩ። እንዲህ ማድረግ አይገባም፤ ሰንሰለቱ ላይ ጫና ሲበዛ ማርሽ አይቀየርም። ግን አህያ መንገድ ላይ ገብታብኝ አማራጭ አልነበረኝም። ጓ አለና ገባ። ገባ! መስከረም 29 ላይ ቢሆን ሰንሰለቱ ዘሎ መሪው ላይ ደረቴን እመታ ነበር።

ልጁ የመጨረሻውን ነዳ። ዋሻው አፍ ላይ ብርዱ ላቡን እያደረቀው፣ «ለውድድር አልገዛውም» አለኝ። «ለልምምድ ግን የኔንም በዚህ ብለውጠው ደስ ይለኛል። የኔ ሰንሰለት ሲበላ አንድ ወር እቆማለሁ።»

ህዳር 10

ለስለስ ያሉ የፍሬን ላስቲኮች አስገባሁ። መያዣው ብረት ይቀራል፣ ላስቲኩ ብቻ እየተንሸራተተ የሚወጣ ዓይነት ናቸው። ቸርኬውን በሳሙና አጠብኩት። ውኃ አፍስሼበት ሞከርኩ። ከፊተኛው የተሻለ ነው፤ እርጥብ አሉሚኒየም ግን እርጥብ አሉሚኒየም ነው። ጉም ባለበት ቀን ቀድሜ እየጨበጥኩ መውረድ አለብኝ።

ህዳር 22

ሰንሰለቱን ለካሁ። አንዱ ቀለበት 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 24ቱ አዲስ ሲሆኑ 304.8 ይሆናሉ። 307 ሲደርስ መጣል አለበት፤ ካልተጣለ ካሴቱንም ይዞት ይሄዳል። የኔ 305 አልሞላም።

ተማሪዋ ዛሬ መጣች። ያገለገለ ፍሬም አግኝታለች፤ ክላሪስ ልታስገባለት ነው። ስለ ዋጋው ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ የካቦ ሽፋኑን ከየት እንዳገኘሁ ጠየቀችኝ። ከተረፈኝ ጥቅል የሚበቃትን ለክቼ ቆረጥኩ፣ ጫፉን ሞረድኩ፣ በመርፌ ከፍቼ ሰጠኋት። ቀጥ ያሉትን ሽቦዎች ወደ መስኮቱ አዙራ አንድ በአንድ አየቻቸው።